አሥሩ የጎደለው መስመር

የፊዚክስ ተመራማሪው የዶክተር ገብረጻድቅ ረዳት ናዕማ፣ ቱሉ ዲምቱ ሰፈር ካለው የዶክተሩ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በስምንት ሰዓት ስትወጣ፣ ነጭ ሰሌዳው ላይ ስድስት መስመር ቀመር ነበር። በየመስመሩ ጠርዝ የተጻፈበት ሰዓት ሰፍሯል። የዶክተሩ የአስም መርጫ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የቀረውን ርጭት የሚያሳየው ቆጣሪው 61 ይላል። ሁለቱንም በስልኳ ፎቶ አንሥታ ወጣች፤ የአራት ዓመት ልማዷ ነው።

በአሥራ አንድ ሰዓት ስትመለስ ዶክተሩን ወለሉ ላይ ሞተው አገኘቻቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። መርጫው የለም። ሰሌዳው ላይ ሰባተኛ መስመር ተጨምሯል፤ ጠርዙ ላይ «10፡05» ይላል።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ጠጄ ተንበርክካ ምንጣፉ ላይ የቀረውን የጥፍር ቧጨራ ቆጠረች። አሥራ አራት። ሬሳ ብዙ አይታለች፤ የዛሬው ያንገሸገሻት መርጫውን የወሰደው ሰው ቆሞ ማየቱን ስላሰበች ነው።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ጋሼ አምባው ሳሪስ አቦ ቆርቆሮ ይሸጣሉ፤ ትናንትም እስኪመሽ ከሱቃቸው አልወጡም።

«በጥበቃው መዝገብ ከአሥር ሰዓት በኋላ የገባችው ይቺ ቁልፍ የያዘች ልጅ ብቻ ናት» አሉ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?»

«ሰሌዳው ላይ ያለው ይገባዎታል፣ ጋሼ?»

«እኔ የማውቀው የቆርቆሮ ውፍረት ነው። ያኛው ይበላ ይጠጣ እንደሆን እንጃ።»

የዶክተሩ የቀድሞ ተማሪ፣ የዛሬው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሶሬሳ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነበር። «በስምንት ተኩል ገብቼ በዘጠኝ ወጣሁ፤ የጥበቃው መዝገብ ላይ አለ። በአሥር ሰዓት ላይ አርባ ተማሪ ፊት ነበርኩ። ዶክተር ደግሞ፣ ሰሌዳው ላይ እንዳለው፣ በአሥር ከአምስት ይጽፉ ነበር» አለ።

ናዕማ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «እናቴ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ሻይ ትሸጣለች» አለች። «ነገ ስንቅ ለእኔ ልታስገባ ነው?»

«ሥራችሁ ምን ነበር?»

«ዓለም ከደቃቅ ክሮች ተሠርቷል ብለው ይነሡ። ክሩ የሚንቀሳቀስባቸው አሥር አቅጣጫዎች አሉ። ግን ክር ቀለበት ላይ መጠምጠምም ይችላል፤ ጥምጥሙን ለመያዝ ዶክተር ሌላ አሥር ይጨምራሉ። ሃያውን ስንይዝ፣ ትንሹ ቀለበትና ትልቁ ቀለበት ለክሩ ልዩነት እንደሌላቸው በግልጽ ይታያል። ግማሹ የሚጣለው መጨረሻ ላይ ነው።»

«ቀድሞ ቢጣልስ?»

«በዶክተር ስሌት ጌጅ ሲሜትሪ የሚባለው ሕግ ይፈርሳል። አጻጻፉን ብቻ ሲለውጡ መልሱም ይለወጣል፤ መለወጥ አልነበረበትም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሶሬሳ በጥናቱ ቀድሞ ጥሎታል። ሊያገኝ ያለው የፕሮፌሰርነት ማዕረግ በዚያ ጥናት ላይ ነው የቆመው። ዶክተር ስሕተቱን ሰኞ ለዩኒቨርሲቲው ሊጽፉ ነበር።»

ጠጄ የናዕማን ስልክ ወስዳ የአራት ዓመቱን ፎቶ በሙሉ አየች። ከሰዓት ሦስቱንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ሶሬሳ፣ ሰባተኛው መስመር የስድስቱ ተከታይ ነው?»

«ምን ጥያቄ አለው።»

«ስድስቱ እያንዳንዳቸው ሃያ አቅጣጫ ይዘዋል። ሰባተኛው አሥር።»

«ሁለቱ አንድ ናቸው። ዶክተር አሳጥረው ነው የጻፉት።»

«እርስዎ ዘንድ አንድ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ግን በአራት ዓመት ፎቶ ውስጥ ሥራው ሳያልቅ አሥር ብቻ የያዘ አንድም መስመር የለም። ስለዚህ ይህን የጻፉት እሳቸው አይደሉም፤ ሰዓቱም የእሳቸው አይደለም። ሰዓቱ ከወደቀ፣ በአሥር ሰዓት በሕይወት ስለመኖራቸው ማስረጃ የለንም። ጋሼ አምባው ቀመር አይጽፉም። ናዕማ ሃያ መጻፍ ለምዳለች፤ ደግሞ በገዛ አንገቷ ላይ የሚጠመጠም ሰዓት ለምን ትጽፋለች? በመዝገቡ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ የገባ አንድ ሰው ይቀራል። አሥር መጻፍ የለመደ።»

ሶሬሳ ሰሌዳውን አየ። ስሕተቱን የሚፈልግ ተማሪ ይመስል ነበር።

«ጽፌ ስጨርስ ዶክተር ፀጥ ብለው ነበር» አለ።

ጋሼ አምባው ፊታቸውን አዞሩ። ጠጄ መስኮቱን ከፈተችው፤ አየሩ ግን ያው ነበር።

«መርጫውስ?»

«ከሕንፃው ጀርባ፣ ቦዩ ውስጥ።»

ሁለት ፖሊሶች ጥቁሩን ጭቃ በአካፋ ሲያወጡ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። ጠጄ መርጫውን በጓንት ይዛ ከቆጣሪው ላይ ጭቃውን ጠረገች። ቆጣሪው አሁንም 61 ላይ ነበር።