ሁለት ስም ያለው ዝርዝር

«ቲቸር፣ የኔ ስም እኮ የለም!»

ሳቂታ እያሉ የሚጠሯት ልጅ በኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ለሦስተኛ ጊዜ በጣቷ እየተከተለች ወደ ታች አነበበች። ለፕሮግራሚንግ ውድድር የሚሄዱት አምስት ናቸው፤ በማጣሪያው ሦስተኛ የወጣችው እሷ ግን የለችበትም። በአምስተኛው መስመር ላይ የሰፈረው የቅርብ ጓደኛዋ፣ የፕሮግራሚንግ ክበቡ ጸሐፊ ስም ነበር።

ጸሐፊዋ ከኋላ ቆማ ክው አለች። እሷ በማጣሪያው የወጣችው ስድስተኛ ነበር።

ትናንት ሳቂታ በክበቡ ልጆች ፊት «የዚች ልጅ ኮድ እኮ አርጅቷል፤ ከዘራ ግዙለት!» ብላ ሁሉንም አስቃባት ነበር። ጸሐፊዋም አብራ ሳቀች፤ ውስጧ ግን አረረ። ልጆቹ ሲወጡ ውጤቱ በደረጃ የተዘረዘረበትን፣ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ፋይል ከፈተች። ዋና የተባለውን የስም ዝርዝር የቀዳች መስሏት «ቅጂ = ዋና» ብላ ጻፈችና ቅጂ ካለችው ዝርዝር የሳቂታን ስም አጠፋች። አንጀቷን ለማራስ ያህል ነበር፤ ዋናው መቼም አይነካም ብላ ፋይሉን ሴቭ አድርጋ ወጣች።

«ኮምፒውተሩ ከውጤት ፋይሉ ያወጣው ነው» አሉ መምህሩ። «ስድስት ሰዓት ላይ ለውድድሩ አዘጋጆች እልከዋለሁ።»

«አንቺ ንገሪያቸው እንጂ! ውጤቱን የመዘገብሽው አንቺ አይደለሽ?» አለች ሳቂታ ወደ ጓደኛዋ ዞራ።

«ቲቸር፣ ፋይሉን… እኔ ነክቼዋለሁ» አለች ጸሐፊዋ።

መምህሩ ኮዱን ከፍተው ካዩ በኋላ ፈገግ አሉ። «ቅጂ መች ሠራሽ? ለአንዱ ዝርዝር ሁለተኛ ስም አወጣሽለት እንጂ! በአንዱ ስም ያጠፋሽው በሌላውም ይጠፋል፤ ከታች ያሉትም ወደ ላይ ይጠጋሉ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ነው፣ አይዞሽ።»

ሳቂታ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። «ከዚያ ሁሉ ስም የኔን ለምን መረጥሽ?»

«ለልምምድ» የሚለው ቃል የጸሐፊዋ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብትለው ሁለቱም ያምኗታል።

«ተናድጄብሽ ነው» አለች። «ስምሽ ሲጠፋ ማየት ፈልጌ።»

ሳቂታ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መምህሩም አንገታቸውን ደፉ።

ጸሐፊዋ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ፓይተን ቦታዎችን ከዜሮ ጀምሮ ስለሚቆጥር የቦታውን ቁጥር «ሁለት» ብላ ጻፈችና የጓደኛዋን ስም ሦስተኛው ቦታ ላይ አስገባች። የራሷ ስም ማንም ሳይነካው አንድ ደረጃ ወርዶ ስድስተኛ ሆነ።