የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ

ይህ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ሰው ነገረኝ ብዬ የማወራው አይደለም።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

በፈረንጆቹ 2016፣ የካቲት ላይ ነው። ቦታው ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ደማም፣ አል ፈይሰሊያ ሰፈር። ሰዓቱ ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ጠራራ ፀሐይ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የዐስር ሰላት አዛን ሲወጣ።

አናስ እባላለሁ። አባቴ ሙሐመድአወል ከወሎ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። ያኔ ላፕቶፕ የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ዕቃዋ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ሰው የሚይዝ ባለ ስፖንጅ አግዳሚ ወንበር ነው። ብቻዬን ስለምሠራ ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ተዘርፍጬ ነው የምቀመጠው።

ይህን ስጽፍ ከፍርሃቱ ይልቅ የሚከብደኝ ኀፍረቱ ነው። ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

እሑድ ዕለት እልፍነሽ መጣች። ኾባር ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ የጎጃም ሴት ናት። የቤቱ ሾፌር ቱፋ ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቃታል። በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ላፕቶፕ ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች።

"የእኔ አይደለም" አለችኝ። "የሃኒ ነው።"

ሃኒ እዚያው ቤት አብራት ስትሠራ የነበረች ልጅ ናት። ከአራት ወር በፊት ታማ ሆስፒታል ገባች፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

"እናቷ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ሃኒ ድምጿን ነበር የምትቀዳላት። አገር ቤት የሚገባ ሰው ሳገኝ እልክላታለሁ እያለች... ሳትልከው ቀረች። እኔ የአገር መውጫ ኹሩጅ ወጥቶልኛል፣ ሐሙስ እበራለሁ። ለእናቷ ይዤላት የምሄደው ይህንኑ ድምፅ ነው። ሌላ ቦታ የለም።"

"ታዲያ ላፕቶፑ ምን ሆነ?"

"እስኪከፈት ግማሽ ቀን ነው። ከዚያ ይደርቃል። ብቻ አፍጥንልኝ ወንድሜ። ውስጡን እንዳትነካብኝ።"

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" አልኳት።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

"አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር የሰጡን። ይህንን ልትከፍት ስትል አልጋዬ ላይ ትመጣና 'ጠጋ በይ' ትለኛለች። ቀን በቀን 'ጠጋ በይ'..."

ሳቀች። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

እንዲህ ያለ ያረጀ ማሽን ላይ ሊኑክስ እጭንና ቀለል ያለ ዊንዶው ማናጀር እገጥምበታለሁ። ለማታውቁት፣ ዊንዶው ማናጀር ማለት ስክሪኑ ላይ የምትከፍቱትን ነገር ሁሉ ቦታ የሚያስይዝ ፕሮግራም ነው። እኔ የምወደው ዓይነት ጌጥ የለውም። አንድ ነገር፣ ማለትም አንድ መስኮት፣ ከከፈታችሁ ሙሉውን ስክሪን ይይዛል። ሁለተኛ ሲመጣ የፊተኛው ራሱ ተሸብሽቦ ግማሹን ይለቅለታል። የምትጽፉበት የትኛው እንደሆነ ደግሞ በዙሪያው ባለው ሰማያዊ መስመር ታውቁታላችሁ።

ያለው ዘዴ ይኸው ነው። ለመጣ ሁሉ ቦታ ይሰጣል።

ሊኑክስ ሲጫን ግን የነበረውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ መጀመሪያ የሃኒን ድምፅ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነበረብኝ።

ያኔ አዛን ሲል ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። እኔም አንድ ልማድ ነበረኝ። ረጅሙን ሥራ ልክ አዛኑ ሲወጣ አስጀምረዋለሁ፤ ሱቁ ተዘግቶ ማሽኑ ይሠራል። ሌላም ልማድ ነበረኝ፤ አባቴ የማያውቀው። ልጄ መስጊድ ነው ሲል፣ እኔ መብራት አጥፍቼ ከብረት መዝጊያው ጀርባ ስልኬን እነካካለሁ። አስተግፊሩላህ።

ሰኞ፣ ሦስት ላፕቶፖች ተደርድረው አዛኑ ወጣ። ውጭ "ሰላህ! ሰላህ!" እያሉ የሃይማኖት ፖሊሶቹ ለሰላት ይጮኻሉ። በአንድ እጄ መዝጊያውን እየሳብኩ በሌላው ኪቦርዱ ላይ ቁልፍ ተጫንኩ።

ስክሪኑ፣ "ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ይቀጥል?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

የሌላ ደንበኛ ማሽን መስሎኝ... ይቀጥል አልኩት።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራቱን ሳበራው ያጠፋሁት የሃኒን ነበር፤ ድምጿን ገና አልገለበጥኩትም።

በማውቀው ዘዴ ሁሉ ለማስመለስ ሞከርኩ። አንድም አልተገኘም። ኸላስ፣ አበቃ።

ማክሰኞ ጠዋት እልፍነሽ ደወለች። ማዳም እንዳትሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

"አናስ፣ ድምጿ አለ አይደል?"

"አለ። አይዞሽ።"

ስልኩን ስዘጋው ፊቴ በእሳት የተለበለበ ያህል ነደደ። ሥራውን ቢያንስ አሳምሬ ልጨርስ ብዬ ዊንዶው ማናጀሩን ማስተካከል ቀጠልኩ። እንደ በቅሎ ፈጣን ሆነ። ባዶና ፈጣን።

ዘጠኝ ሰዓት። አዛን። መዝጊያውን አወረድኩ።

ስክሪኑ ላይ የከፈትኩት አንድ መስኮት ብቻ ነው። እየጻፍኩበት ሳለ...

ተሸበሸበ።

በራሱ ወደ ግራ ተሰብስቦ ቀኙን ግማሽ ለቀቀ።

ቀኙ ጥቁር ነው። ምንም የለበትም። የተከፈቱትን መስኮቶች ቁጠር ብዬ ማሽኑን አዘዝኩት።

አንድ፣ አለኝ።

እኔ ያበላሸሁት ነገር ይሆናል ብዬ አጥፍቼ አበራሁት። መዝጊያውን እስክከፍት ድረስ ደህና ሆኖ ቆየ።

ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ለማንስ እናገራለሁ? ያጠፋሁትን ሳልናገር ይህንን ብቻ ነጥዬ ማውራት አልችልም።

ረቡዕ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። አጠፋሁት፣ ይቅር በይኝ። ስድስት ጊዜ ለራሴ ተለማመድኩት።

እልፍነሽ የደረሰችው ልክ መዝጊያውን ሳወርድ ነው። በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ሴትና ወንድ ብቻቸውን አይሆኑም። ስለዚህ እሷ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከውስጥ።

ላፕቶፑን ከፈትኩት። አንድ መስኮት።

ወዲያው ተሸበሸበ።

አሁን ግን ሰማያዊው መስመር ያለው በቀኙ ጥቁር ግማሽ ዙሪያ ነው። የኪቦርዱን ፊደሎች ተጫንኩ። ግራው ላይ አንድም አልወጣም። የምጽፈው ሁሉ ወደ ጥቁሩ ይገባል።

ከመዝጊያው ማዶ ሹክሹክታ ሰማሁ።

"አናስ..."

"አቤት።"

"ትንሽ ከፍ አድርግልኝ።"

"ምኑን?"

"ድምጿን ነዋ። የሃኒን።"

ውስጥ ዝም፣ ጭጭ ነው። የላፕቶፑን ስፒከር የሚያሠራውን ፕሮግራም ገና አልጫንኩትም ነበር። ቢፈልግ እንኳ ትንፍሽ ማለት አይችልም።

"እሷ ናት... እሷው ናት" ትላለች እልፍነሽ፤ ታለቅሳለች። "'እማ' እያለች ነው። ትሰማታለህ?"

አልሰማም። አንድም ነገር አልሰማም።

መስኮት የሚዘጋውን የኪቦርድ ቁልፍ ተጫንኩ፤ በሰማያዊ የተከበበውን ሊዘጋልኝ ይገባል።

የተዘጋው ግን የእኔ መስኮት ነው።

ሙሉ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ሰማያዊው መስመር ዳር ዳሩን ዞረው።

በሩን ስከፍት የእልፍነሽ ፊት በእንባ ርሶ ያበራል። ጉንጬን ልትስመኝ ቃጣት፤ ያለችበት አገር ትዝ ብሏት ተወችው።

"እግዚአብሔር ይስጥህ። ለእናቷ ልጇን ነው የመለስክላት።"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ቱፋ የመኪናውን ሞተር አስነስቶ ነበር፤ ግን ሁለት ቃል ለመናገር ጊዜ አላጣሁም።

"ምንም አይደል" አልኳት፤ ላፕቶፑንም በፌስታሉ ጠቅልዬ ሰጠኋት።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። ይህንን ካነበበችው የምታውቀው አሁን ነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሱቄ ተዘግቷል፣ ዐስር ሰላት ነው፣ እኔም እንደ ልማዴ ተደብቄ ውስጥ ነኝ። ከእልፍነሽ የድምፅ መልእክት ገባ።

"አናስዬ፣ እንደምን አለህ? አሁን እናቷ ቤት ነኝ። ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትከፍተዋለች። ሰምታ ሰምታ አትጠግብም፤ ትመርቅሃለች። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባን። ሃኒ አንተን መቼ ነው ያወቀችህ? እስቲ መጨረሻው ላይ የምትለውን ስማ..."

ጭርታ። የአንዲት አሮጊት ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ፈጽሞ ሰምቼው የማላውቅ የልጅ እግር ሴት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣

"አናስ... ጠጋ በል።"

ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

ላነሳው ጎንበስ ስል ነው የተቀመጥኩበትን ያየሁት። አግዳሚው መሃል ላይ አይደለሁም። ግራው ጥግ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነው። መቼ እንደሄድኩ አላውቅም። ምናልባት ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ እንዲህ ስቀመጥ ከርሜ ይሆናል።

ቀኙ ግማሽ ባዶ ነው። ስፖንጁ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ታች ሰርጉዷል።

እያየሁት... የሰረጎደው ቦታ ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ አለ።