ሦስተኛው ውቅያኖስ

ሚልክያስን ያወቅሁት ፍላሼን ቫይረስ በልቶብኝ ነው። ጥር 2007 ነበር። ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ፈተና በሙሉ እዚያች ፍላሽ ላይ ቀርቷል። የጠየቅሁት ሁሉ «ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ልጅ አለ፤ እሱ ያወጣልሻል» አለኝ።

ልጁ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሆኖ አገኘሁት። ጠባቧ የጥገና ቤቱ ውስጥ፣ ሆዳቸው በተከፈተ ኮምፒውተሮች መሐል ተቀምጦ፣ መግባቴን እንኳ አላየም። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ውሃ ይናወጣል። ከውሃው በላይ ሁለት ጨረቃ ወጥቷል።

«ፊልም ነው?» አልኩት።

«ጌም ነው። እኔ ነኝ የምሠራው» አለ ሳይዞር። «ተጫዋቹ በመንኮራኩር ከፕላኔት ወደ ፕላኔት እየሄደ ባሕር ያስሳል። ሦስት ውቅያኖስ አለኝ። ማለቴ፣ ሁለት ተኩል።»

«ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«አባያ ሐይቅን አይቻለሁ።»

ሳቄን ዋጥኩት። እሱ ግን ስክሪኑ ላይ መንኮራኩሩን እየነዳ ወደ ታች ወረደ። ከውቅያኖሱ ወለል ላይ ቀይና ቢጫ ዓሦች ሠርግ ያለባቸው ይመስል ይርመሰመሳሉ። መምህር ነኝና አፌን መያዝ አልቻልኩም።

«እዚህ ድረስ ብርሃን አይወርድም። ቀዩን ማን ሊያየው ነው? ደግሞስ ምን እየበሉ ነው እንዲህ የወፈሩት?»

ያን ጊዜ ዞረ። ከጀርባው የነበረውን በርጩማ አቧራውን በእጁ ጠረገው።

«እስቲ ቁጭ ይበሉ፣ መምህር» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። «እርስዎ» ማለቱን ለመተው ሦስት ቅዳሜ ፈጀበት።

ሦስተኛው ውቅያኖስ የሁለታችን ሥራ ሆነ። ከላይ በረዶ የከደነው፣ ፀሐይ ፈጽሞ የማይደርስበት ባሕር ነው። እኔ በደብተር እሥላለሁ፤ እሱ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባል። ከወለሉ ስንጥቅ ትኩስ ውሃ እንዲወጣ አደረግን። በዚያ ሙቀት ዙሪያ የሚግጡ ዓይን የሌላቸው እንስሳት አሰማራን። እነሱን የሚያድን፣ ግንባሩ ላይ ብርሃን ያለው አንድ ክፉ ዓሣም ሠራን። መብራት ሲጠፋ በሩን ከፍተን ቁጭ እንላለን፤ የሚወራው ያው ስለ ባሕሩ ነው።

«ይሄኛው ለምን ብቻውን ይሄዳል?» ይለኛል።

«ምግቡ ስለማይበቃ ነው» እለዋለሁ፣ ጣቶቹን እያየሁ። ወድጄው ነበር። እሱ ግን ከዓሣ ውጭ ምንም ቃል አይወጣውም፤ እኔም ቀድሜ የምናገር ሰው አይደለሁም።

አንድ ቅዳሜ «ድምጽ የለውም። ባሕር ከሥር ምን ይላል?» አለኝ።

ይህን የሚያውቅ ሰው ቤታችን ነበር። አባቴ አቶ ባዳቾ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይሁን እንጂ በደርግ ጊዜ ምጽዋ ላይ ስድስት ዓመት የባሕር ኃይል መካኒክ ነበር። ስለዚያ ዘመን አያወራም። እራት ላይ ቀስ ብዬ ጠየቅሁት።

«መርከቧ ቆማ ሞተር ሲጠፋ» አለ፣ «ከብረቱ ሥር ይንጣጣል። በቆሎ የሚቆላ ነው የሚመስለው። ትንንሽ ፍጥረቶች ናቸው አሉን። ተኝቼ አዳምጠው ነበር። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።»

ይህን ስነግረው ሚልክያስ ስልኩን ይዞ እውነተኛ በቆሎ ቆልቶ ቀዳ። ድምጹን አዘገየው፣ አወፈረው፣ ውሃ ውስጥ ጨመረው። ስሰማው ክንዴን ወረረኝ።

ሰኔ ላይ በዞኑ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሳምንት ተከበረና ሚልክያስ ሥራውን እንዲያሳይ ተጋበዘ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ተማሪዎቼ ከኋላ፣ አባቴ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ውቅያኖሶች በጭብጨባ አለፉ። መንኮራኩሩ ሦስተኛው ፕላኔት ላይ አረፈ፤ በረዶው ተሰነጠቀ፤ ያ መንጣጣት አዳራሹን ሞላው። ከዚያ በትልልቅ ፊደላት ስክሪኑ ላይ ወጣ፦ «ወደ ብሩክታይት ውቅያኖስ እንኳን ደህና መጡ።»

ብሩክታይት እኔ ነኝ።

ከኋላ አንዱ «ቲቸር!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለካ በሥራ ላይ እያለ ለራሱ ያወጣለት ስም ነው፤ ለትርኢቱ መለወጥ ረስቶታል። እጁ ኪቦርዱ ላይ እንደደረቀ ቀረ።

አባቴ ማታ ድምጹን ከፍ አላደረገም። «ሽማግሌ ሳይመጣ ስምሽ በአደባባይ ተጠራ» አለ ብቻ። እኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዲትን ልጅ የሚፈልግ ሰው ስሟን አያነሳም፤ ስሟን መጀመሪያ የሚያነሱት እሱ የላካቸው ሽማግሌዎች ናቸው፣ ያውም አባቷ ፊት ተቀምጠው። እሱ ራሱ አብሯቸው ደጁን አይረግጥም።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ሚልክያስ ለእኔ ያልነገረኝን ለአዳራሽ ነገረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩን አላነሳሁም።

በአራተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚልክያስ አጎት አቶ ቶማ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከገሱባ መጡ። መንገዱ ወገባቸውን አፍርሶት ነበር፤ ሲቀመጡ ሦስቱም አቃሰቱ። ሚልክያስ ከአጥር ውጭ ያመጣቸው ባጃጅ አጠገብ ቆሟል። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ለጋብቻ ሊጠይቁኝ የመጡ መስሎኛል።

«የመጣነው ለይቅርታ ነው» አሉ አቶ ቶማ። «የልጅዎ ስም እዚያ የገባው በስህተት ነው። ልጃችን ከእሷ ጋር ምንም ነገር የለውም። አጥፍተነዋል፤ ይማሩን።»

ስሜን ለማዳን ብሎ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም «ምንም ነገር የለውም» የሚለው ቃል ከአዳራሹ ሳቅ ሁሉ የባሰ አመመኝ። የጤፍ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ።



«ስሙ በስህተት ገባ እንበል» አለ አባቴ። «ድምጹስ?»

«የምን ድምጽ?»

«የባሕሩ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን ድምጽ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የነገርኩትም ለአንድ ሰው ነው። ብሩክታይት፣ ነይ እስቲ።»

ወጣሁ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

«ማን ነገረው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሄጂው?»

«ከጥር። ቅዳሜ ቅዳሜ።»

አባቴ ወደ አቶ ቶማ ዞሮ «ልጁን ጥሩት» አለ።

ሚልክያስ ከስቶ ነበር። በሩ ላይ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ ብሎ፣ ማውለቁ ተገቢ መሆኑን ተጠራጥሮ መልሶ ቀና አለ።

«ስሙ በስህተት ነው የገባው?» አለው አባቴ።

አጎቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ቶሎም ዓይኑን አላነሳም።

«ስህተቱ ማሳየቴ ነው፣ ጋሼ። ስሙ ስህተት አይደለም። መጀመሪያ ለእሷ መንገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።»

«እንግዲያው ንገራት።»

«እዚህ?»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው አላስፈራህም።»

ሚልክያስ ወደ እኔ ዞረ። «ብሩክታይት» አለኝ፣ «ያ ባሕር ካለቀ ቆይቷል። ሚያዝያ ላይ ነው ያለቀው። አንቺ እንዳትቀሪብኝ ዓርብ ዓርብ የሆነ ቦታውን አበላሸዋለሁ። እወድሻለሁ።»

«ማለቁን አውቅ ነበር» አልኩት። «እኔስ ያልጎደለውን ጎደለ የምለው ለምን መሰለህ?»

እናቴ አስናቀች ከጓዳ ስትስቅ ተሰማች። አቶ ቶማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አቶ ባዳቾ፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነ ልጅዎን ለልጃችን...»

«አይሆንም» አለ አባቴ። «የመጣችሁት ለይቅርታ ነው፤ ይቅርታው ተሰጥቷል። የልጅ ጥያቄ ራሱን ችሎ ይመጣል እንጂ በይቅርታ ጀርባ ታዝሎ ቤቴ አይገባም።»

አቶ ቶማ የገሱባን መንገድ ያሰቡት መሰለኝ፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። ቀጥሎ ከዘራቸውን አነሱ፤ ሁለቱን ሽማግሌዎች በዓይን ጠቀሱ፤ ሚልክያስን ከፊት አስቀድመው ወጡ። የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ። አለቀ ብዬ እንባዬ መጣ።

በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለ አባቴ ከተቀመጠበት ሳይነሣ።

«ከገሱባ የመጣን ሽማግሌዎች ነን» አሉ አቶ ቶማ ከውጭ። «ጉዳይ ይዘን ነው።»

አባቴ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ።

«አስናቀች፣ ክፈቺላቸው» አለ። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ጓዳ ግቢ» አለኝ።

ሦስቱ ገቡ፤ ሚልክያስ እንደ ወጉ ከአጥር ውጭ ቀረ። እንግዳ ሆነው እንደገና ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ተጠያየቁ። ቦታቸውን ያዙ። አቶ ቶማ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ሁለት እጃቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ።

«አቶ ባዳቾ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ብሩክታይት የምትባል ልጅ አለችዎ ሲሉ ሰምተን ነበር።»