የጠበቃ ኃይለ ማርያም የጥቅምት ሻይ

ጠበቃ ኃይለ ማርያም ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ረቡዕ ጠዋት፣ ሽሮ ሜዳ በሚገኘው ቢሯቸው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። ከኋላ የመታቸው የበር መደገፊያ ድንጋይ እግራቸው ሥር ወድቋል። ከፊታቸው ሻይ በወተት የያዙ ሁለት ብርጭቆዎች ነበሩ፤ ሁለቱም እስከ ግማሽ ጎድለዋል።

ኢንስፔክተር እፀገነት ሦስት ሰዓት ላይ ስትደርስ አለቃዋ በስልክ ፍርድ ሰጥቶ ጨርሶ ነበር።

«ሙዓዊያ የሚባል ሱዳናዊ ደንበኛ አላቸው። ከአገር ይውጣ ተብሎበት ይግባኙ ዛሬ ይታያል። ሻዩ የሱ ነው፤ ዓመት ሙሉ በፔርሙስ ሲያመጣላቸው ሰፈሩ ያውቃል። ተጣልተው መትቷቸዋል፣ በቃ። እሰሪውና ላኪው።»

«ይግባኙ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ሰዓት። ምን ያደርግልሻል?»

«ካሰርኩት አይቀርብም። ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፣ እሱም ድንበር ይሻገራል። ነገ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ይቅርታውን የት ሄጄ ልንገረው?»

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ልትዪኝ ነው?»

«እርስዎ አሉት እንጂ እኔ አላልኩም።»

አለቃዋ ተነፈሰና እስከ ሰባት ሰዓት ሰጣት።

እፀገነት ቁጭ ብላ ማሰብ የማይሆንላት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «የእሷ ጭንቅላት እግሯ ላይ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። ያቺን ጠባብ ክፍል ስትዞራት አስከሬኑን የሚያነሡት ሰዎች ሁለቴ ተጋጭተዋት ነበር። ኃይለ ማርያም ከአገር የሚባረሩ የውጭ ሰዎችን ያለ ክፍያ እየተከራከሩ ሃያ ዓመት የኖሩት በዚህች ክፍል ነው፤ መደርደሪያው በመዝገብ ታጭቋል። አንድ ጥግ ላይ የጋዝ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያና የዱቄት ወተት ጣሳ አለ። ጎንበስ ብላ ብርጭቆዎቹን አየች። ሥራቸው ላይ ያልሟሟ የወተት ዱቄት ተጓጉሏል። የሙዓዊያ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ የገጹ ቁጥር ግን ከአሥራ አራት ዘሎ አሥራ ስምንት ይገባል።

አስከሬኑን ያገኘችው ጽጌረዳ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ከኃይለ ማርያም ጋር የምትሠራ ወጣት ጠበቃ ናት።

«ተኳርፋችሁ ነበር አሉ» አለቻት እፀገነት።

«ሌላ ሥራ አገኘሁ ስላልኳቸው ነው። ሳምንት አኮረፉኝ። ሳንታረቅ...»

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዝገቡን ኮፒ ላሠራ አዲሱ ገበያ ወረድኩ። ከዚያ በፊት ጋሽ ኃይለ ማርያም ከሙዓዊያ ጋር ሆነው ቃሉን ሲያነቡለት ነበር። እ... ማለቴ፣ ለስደተኞች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሰጠውን ቃል፣ ወደ አማርኛ የተተረጎመውን። በእርሳስ ሲጽፉበት አይቻለሁ፤ ቸኩዬ ስለነበር አላነበብኩትም። አሥር ተኩል ላይ ዋናውን መለስኩላቸው። ሙዓዊያ ሄዷል፣ እሳቸው ስልክ ያወራሉ። ኮፒውን ይዤ ቤቴ ገባሁ።»

«ኮፒው አለ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

እፀገነት ተቀበለቻት፤ ግን መጀመሪያ ምስክር ፈለገች። የግቢው ባለቤት ሸማኔው ጋሽ ወልዱ ከቢሮው ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ እግራቸውን እንደ ወትሮው ጉድጓድ ውስጥ ከተው የሽመና ዕቃቸው ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ግን ዛሬ አልሠራም።

«ጋሽ ወልዱ፣ ትናንት ማን ገባ ማን ወጣ?»

«እኔ ከዚህ ሆኜ የሰው ፊት አላይም ልጄ፤ ከጉልበት በታች ነው የማየው። የሙዓዊያ ነጠላ ጫማ አሥር ሰዓት ላይ ወጣ፣ ፔርሙሱ ከጎኑ ተንጠልጥሎ። የልጅቱ ጫማ ገብቶ ወጣ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ጥቁር ቆዳ ጫማ፣ ጥቁር ሱሪ ገባ። ያ ሰው ቆይቶ ወጣና ከቧንቧው በማንቆርቆሪያ ውሃ ቀድቶ ተመለሰ። ከዚያ እኔ ወደ ቤት ገባሁ።»

«ሙዓዊያ ተመልሶ ቢመጣስ?»

«ቢመጣም አላየሁም። እውነት መናገር ነው።» ትንሽ ቆዩና እንደ ማማት ብለው ጨመሩ። «ጥሩ ልጅ ነው። ሻይ ሲያመጣ ለእኔም ይቀዳል። ሰሞኑን ግን ወተቱን አስቀርቶታል። ኑሮ ከብዶት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

እፀገነት መዞሯን ቀጠለች፤ አሁን ግን ፈጠን እያለች።

አራት ተኩል ሲሆን አስተርጓሚው ኢዮብ መጣ፤ ጽጌረዳ ናት የጠራችው። ለሱዳናውያን ደንበኞች አረብኛ ሲያስተረጉም አራት ዓመቱ ነው። ጥቁር ሱሪ ለብሷል። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ትናንት ደውለውልኝ መጥቼ ነበር፤ ስለ ዛሬው ችሎት ሊያማክሩኝ። ከመስከረም ወዲህ ገና መምጣቴ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሙዓዊያ ፔርሙሱን ይዞ ገባ። ለሁለት ቀዳ። ጋሽ ኃይለ ማርያም እየጠጡ እያሉ ትቻቸው ወጣሁ። ፊቱ ደህና አልነበረም፤ ምነው ባልሄድኩ እላለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው እሱን ስጠይቀው አስተርጉምልኝ።»

ሙዓዊያ ገባ። ረዥምና ቀጭን፣ አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ጀኒና በምትባል የሱዳን ከተማ መምህር የነበረ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት ስንት ሰዓት ወጣህ በለው።»

ሙዓዊያ ብዙ ተናገረ። ጠረጴዛውን አሳየ፣ መዝገቡን አሳየ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ኢዮብ ጠበቀውና «በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣሁ ነው የሚለው» አለ።

ሙዓዊያ ቀና ብሎ ኢዮብን አየው። እፀገነት ያንን አየች።

«ኢዮብ፣ ውጭ አረፍ በል፤ እጠራሃለሁ።» በሩ ሲዘጋ ወደ ሙዓዊያ ዞረች። «አማርኛ ትሰማለህ።»

«እሰማለሁ። ሦስት ዓመት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ጋሼ ነገረኝ። መንግሥት ፊት በቋንቋህ ተናገር፣ አስተርጓሚ መብትህ ነው አለኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ።» ቃላቱን አንድ በአንድ ያስቀምጣቸው ነበር። «አሥር ሰዓት ወጣሁ። አሥራ ሁለት አላልኩም።»

«ብትመለስ ምን ይገጥምሃል?»

«ትምህርት ቤቴን ያቃጠሉ ሰዎች አሉ። ፊታቸውን አውቃለሁ። እነሱም ያውቁኛል።»

«ሻዩንስ ለምን ወተት አስቀረህበት?»

ሙዓዊያ መሬት መሬት አየ። «ለጋሼ ቃል ሰጠሁ። አልናገርም። እህቱን ጠይቂ።»

የነፍስ ግድያ ተጠርጣሪ ራሱን የሚያድንበትን ቃል ለሟች ብሎ ሲደብቅ እፀገነት በሥራዋ ዘመን አላየችም፤ አዘነችለት፣ ትንሽም ተናደደችበት። ለሟች እህት ለእትዬ ወለተ ሥላሴ ደወለችና አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። ከዚያ የጽጌረዳን ኮፒ አውጥታ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት ያለውን እየዞረች አነበበች። ሁለተኛ ጊዜ ስታነበው ቆመች።

ስድስት ተኩል ላይ ሁሉንም በጋሽ ወልዱ ክፍል ሰበሰበቻቸው። እትዬ ወለተ ሥላሴ ጥቁር ለብሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ኢዮብ በር አጠገብ ቆሟል፤ ከኋላው አንድ ኮንስታብል አለ። ሙዓዊያ የግድግዳውን ሰዓት ያያል።

«እትዬ» አለች እፀገነት፣ «ወንድምዎ ማክሰኞ ወተት ይጠጣሉ?»

«በሌላ ጊዜ ይጠጣል። አሁን ግን የጽጌ ጾም ነው። ግዴታ ባይሆንም ኃይለ ማርያም አንድም ዓመት አላጓደለም። ከመስከረም ሃያ ስድስት ወዲህ ጥሉላት በአፉ አልዞረም።»

«ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። ጾም ከተወራ ዋጋው ይጎድላል ባይ ነበር። እኔም የማውቀው ምሳውን ስለምቋጥር ነው።»

እፀገነት ወደ ሙዓዊያ አመለከተች። «ሌላም ሰው ያውቅ ነበር። በየቀኑ ሻይ የሚያመጣላቸው ሙስሊም ወዳጃቸው። ወተቱን ያስቀረው ለእሳቸው ጾም ነው፤ ለጋሽ ወልዱም ከዚያው ፔርሙስ ነው የቀዳው። ታዲያ ትናንት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሻይ በወተት ያስቀመጠው ሙዓዊያ አይደለም፤ ግማሹን የጠጡትም ጋሽ ኃይለ ማርያም አይደሉም። ከዚያው ቢሮ ጣሳ በተወሰደ ዱቄት ተቸኩሎ የተበጠበጠ፣ ተደፍቶ ግማሽ የተደረገ ሻይ ነው። ማክሰኞ የፍስክ ቀን ነው ያለ ሰው ነው ያደረገው።»

ጽጌረዳ አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ... ሻዩ ጥቁር መሆኑን አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አላሰብኩም።»

«ስላየሽው ነው ያልጠረጠርኩሽ። ጋሽ ወልዱም አይተውታል። የሙዓዊያን የዱሮ ሻይ የሚያውቅ፣ የጥቅምቱን ግን ያላየ አንድ ሰው ነው ያለን። ከመስከረም ወዲህ አልመጣሁም ያለው ራሱ ነው። ጠበቃው ሲጠጡ አየሁ ያለውም ራሱ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«ሰው ይሳሳታል» አለ ኢዮብ። «ሻይ መስሎኝ... በምን ምክንያት እገድላቸዋለሁ?»

«በሦስት ገጽ ምክንያት። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት። አንተ የተረጎምከው የሙዓዊያ ቃል። አንተ ዋናውን ስትወስድ ኮፒው ጽጌረዳ ቦርሳ ውስጥ ነበር።» ወረቀቱን ዘረጋች። «እዚህ ላይ ‹ሥራ ፍለጋ መጣሁ› ይላል። ዳር ላይ ጠበቃው በእርሳስ ‹አላልኩም ይላል› ብለዋል። እዚህ ላይ ‹የሚያስፈራኝ ነገር የለም› ይላል። አሁንም ‹አላልኩም ይላል›። አምስት ቦታ እንዲሁ ነው። ሙዓዊያ አማርኛው ሲነበብለት ያልተናገረውን ሰማ። ጋሽ ኃይለ ማርያም ያን ጊዜ ደወሉልህ። ዛሬ ችሎት ፊት ሊናገሩ ነበር፤ ከዚያ አንተ ያስተረጎምክላቸው ሰዎች መዝገብ ሁሉ ሊከፈት ነው።»

ኢዮብ ወረቀቱን አየ። ሲናገር ድምፁ ወርዷል።

«ጅዳ ስምንት ዓመት መኪና አጥቤያለሁ። እኔም አንድ ቀን ከነልብሴ በአውሮፕላን ተጭኜ የተጣልኩ ሰው ነኝ። የማውቀው የገበያ አረብኛ ነው። እነዚህ ሰዎች ሲናገሩ ግማሹ አይገባኝም። የመጀመሪያ ቀን አልገባኝም ማለት አፈርኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልበል? የጎደለውን በግምት ሞላሁት። ጋሼን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ‹ሰባት ሰው ተባሮ ሄዷል ኢዮብ፣ እኔም አብሬህ አጥፍቻለሁ፣ ሁለታችንም እንናገራለን› አሉኝ። ፊታቸውን ወደ መዝገቡ ሲያዞሩ...»

እትዬ ወለተ ሥላሴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሙዓዊያ ከተቀመጠበት ተነሣና ኢዮብን በአረብኛ ተናገረው፤ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ መምህር።

«ምን አለህ?» አለች እፀገነት።

ኢዮብ አስተረጎመ። «‹ኢስሐቅ አብሮኝ አንድ ክፍል ይኖር ነበር። በሐምሌ ወሰዱት። ስልኩ አይሠራም። እሱስ ምን ብሎህ ነበር፣ አንተስ ምን አልክ?› ነው የሚለኝ።»

«መልስለት።»

«አላስታውስም» አለ ኢዮብ፣ እንባው እየወረደ። «በእግዚአብሔር ስም፣ አላስታውስም።»

ኮንስታብሉ ይዞት ሲወጣ ሰዓቱ ሰባት ከሃያ ነበር። እፀገነት ለአለቃዋ ደውላ ገዳዩ መያዙን ነገረችና ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር ዘጋችው። ሙዓዊያንና ጽጌረዳን በፖሊስ ፒክአፕ ጫነች። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል መንገዱ በሚኒባስ ተጨናንቋል፤ ሳይረን አስነሥታ ወረደች፣ ሾፌሮቹም ሲሰድቧት በመስኮት መለሰችላቸው።

ስምንት ከአምስት ላይ ችሎት ገቡ። ጽጌረዳ የሥራ መልቀቂያ ማሰቧን ማንም ያላወቀባት ይመስል ቀጥ ብላ ቆመች፤ የሆነውን አስረዳች፣ አምስቱን ቦታ አሳየች፣ መባረሩ እንዲታገድና ቃሉ በሚገባው አስተርጓሚ እንደ አዲስ እንዲወሰድ ጠየቀች። እፀገነት መሰከረች። ዳኛዋ ወረቀቶቹን አገላብጠው ከግራና ከቀኝ ዳኞች ጋር ተንሾካሾኩ።

«የመባረር ትእዛዙ ታግዷል። ሌላ አስተርጓሚ ይመደብለት። ለኅዳር ሃያ ተቀጥሯል። የሚጨመር አለ?»

ጽጌረዳ የለም ልትል አፏን ስትከፍት ሙዓዊያ እጁን አነሣ።

«አስተርጓሚ እስኪመጣ መጠበቅ መብትህ ነው» አሉት ዳኛዋ።

«አውቃለሁ። ይህን ግን ራሴ እናገራለሁ፣ በአማርኛ።» መነጋገሪያውን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ ዛሬ ቀረሁ። ኢስሐቅ የሚባል ሰው ግን ሄዷል። ሌላ ስድስት ሰው ሄዷል፤ ስማቸውን አውቃለሁ። የእነሱንም መዝገብ ክፈቱ።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ «ስማቸውን አንድ በአንድ ይናገር፤ ጻፊ» አሉ።