የተደፈኑት ቀዳዳዎች

የሻይ መልክ ያለው ውሃ ፊቷ ላይ ተደፋ።

ከአሮጌው ፒክአፕ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ፣ ካቻቢቴ በእጇ፣ ለአፍታ መተንፈስ አቃታት። አፏ የገባውን ተፋችው። የዝገት ጣዕም ነበረው። ደሟ ፈላ። ውሃው የወጣው መኪናውን ከሥር ከተሸከመው ውስጠ ክፍት ብረት፣ ከሻንሲው ሆድ ነው፤ የተደፈነችበትን ሬንጅ ፍቃ ከከፈተቻት ትንሽ ቀዳዳ።

«ኢንጂነሩ!» ብላ ጮኸች።

ኢንጂነሩ ታላቅ ወንድሟ ነው። ስሙን ያገኘው ሌላ ሰው ሲሠራ ቆሞ በማስረዳት ነው። ጎንበስ ብሎ አያት።

«አንቺ ቁንጫ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትንጫጪው?»

ቁንጫ ያሏት መኪና በክሪክ ሳይነሣ ከሥሩ መግባት ስለምትችል ነው።

«ቀዳዳዎቹን ምን ብለህ ደፈንካቸው?»

«ውሃ እንዳይገባ ነዋ!»

«ውሃ የሚወጣበት ነው እኮ! በቱቦ አጥበህ፣ ሳይደርቅ ደፈንከው። አሁን ከውስጥ እየበላው ነው፣ ገባህ?»

«አታካብጂ ባክሽ። አባዬ ሲያየው እንዴት እንደተደሰተ አላየሽም?»

አይታለች እንጂ! ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት እየመጣች ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ የፈገፈገችው እሷ ናት። ጥፍሯ ሥር የገባው ዝገት በሳሙና አልለቅ ብሏት ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ትታለች። ወንድሟ አንድ ከሰዓት ብቅ አለና ሬንጅ ለቀለቀበት። አባቷም ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ፣ «ልጄ መኪናዬን አዳነልኝ! ቅዳሜ መንዳት አስተምረዋለሁ» አለ። ልጄ! እሷንስ ማን ወለዳት? ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡን ለቄስ የሆነ ሻንሲ ይዞ ይኩራራል።

ይብላው፣ አለች በሆዷ። ይበስብስ። አንድ ቀን ዕቃ ጭኖ ቁልቁለት ላይ ለሁለት ሲከፈል ኢንጂነሩ ቆሞ ያስረዳ።

ግን ቁልቁለቱ ላይ መሪውን የሚይዘው አባቷ ነው። ይህ ሐሳብ ይብስ አናደዳት፤ አርፋ እንኳ እንዳትናደድ ከለከላት።

ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ አፍሽን ከያዝሽ ቅዳሜ መንዳት የምማርበት ሜዳ ላይ መሪውን እሰጥሻለሁ። በናትሽ፣ አታዋርጂኝ።»

መሪውን! በሐሳቧ ስንት ጊዜ ነድታዋለች። ይባስ ብሎ ወንድሟ ለቃሉ ሟች ነው፤ ካለ ይሰጣታል።

የአባቷ ጫማ ወደ መኪናው ሲመጣ ከሥር ታያት። አጠገቡ የጎረቤታቸው ጫማ አለ።

«እስቲ ተመልከተው» ይላል አባቷ፣ «አሁን ይሄ አሮጌ ይመስላል?»

የወንድሟ ዓይኖች ከላይ ቁልቁል ይለምኗታል። ጥርሷን ነከሰች።

«አባዬ፣ ና እስቲ እዚህ ግባ።»

«ምን አለ እዚያ? ልብሴ እኮ ይቆሽሻል።»

«ይቆሽሽ» አለችና፣ እሱን የሚያስተኛ ቦታ ለቃ ፈቀቅ አለች።