በሱቁ በኩል ያለው በር

ደምሴን ጠዋት ላይ መኪናው ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኙት። አንገቱ ላይ የተማሪው የበቀለች አረንጓዴ ሻሽ ተጠምጥሟል። መኪናዋ ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ የመሀድን ሱቅ በረንዳ ተጠግታ ቆማለች፤ ደምሴ ማታ ማታ ኢትዮጵያውያንን እንግሊዝኛ የሚያስተምርበት ክፍል እዚያው ጎን ነው።

ሻሹ የበቀለች ነው፤ በቃ፣ ከዚህ በላይ ማን ይድከም! የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ ጠያቂ ዘመድ የላትም። ፖሊሱ ዲሪር አማርኛ አይችል፣ እሷ ሱማልኛ አትችል፤ በእንግሊዝኛ ገደልሽው ወይ ቢላት «ዋይ ሹድ አይ?» አለችው፤ ለምን ብዬ? ደግሞ ሲጠይቃት «ሀው ኩድ አይ?» አለች፤ እንዴት አድርጌ? አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ቢያጣ፣ ትሸሻለች ብሎ አሰራት።

መርማሪዋ ሂዳያ ግን ጅግጅጋ ያደገች ናት፤ አማርኛው እንደ ውኃ ነው የሚወርድላት። እስር ቤት ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ለምን ቀጥ ብለሽ አትመልሺም፣ እኅቴ?»

«መለስኩ እኮ። ሹድና ኩድ ጨምራችሁ መልሳችሁ ስትጠይቁ፣ አይደለም የሚለውን መልስ ለጠያቂው እያጎረሳችሁት ነው ብሎ ያስተማረን ጋሽ ደምሴ ነው። የማከብረውን ሰው ገደልሽ ስባል፣ አልገደልኩም እያልኩ ልለማመጥ?»

ሂዳያ ይህን አንገት አለመድፋት ወደደችው። ጠላት አለሽ ወይ ስትላት፣ በቀለች ረዳት መምህሩ አለሙ ሴት ተማሪዎችን እንደሚያስቸግር፣ እሷንም ይዞ እንደ ጎተታት፣ ለደምሴ ከስሳ ደምሴ ሊያባርረው እንደነበር ነገረቻት። ሌሎቹስ? ሌሎቹ ፈርተው ዝም ብለዋል። ሻሹንም ክፍል ውስጥ ረስታው ነበር የሄደችው። ጓደኛዋ ጸደንያ ይህንኑ መሰከረች፤ አብረው ሲወጡ ክፍሉን ሊቆልፍ የቀረው አለሙ ነው።

አለሙ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ወሩ ነው። ቃሉን ሲሰጥ ግን ምላሱ አልተደናቀፈም፤ ማታ በረንዳው ላይ ቆሞ ሳለ በቀለች ከደምሴ መኪና ስትወርድ አይቷል።

«በየትኛው በር?» አለችው ሂዳያ።

«በፊተኛው፣ በሱቁ በኩል። አጠገቤ ወርዳ ሮጠች።»

ሂዳያ አለሙንም ተማሪዎቹንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በቀለችም ከዲሪር ጋር መጣች። ሂዳያ ስለ ሻሹና ስለ ቁልፉ ስትናገር አለሙ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ሀው ኩድ አይ?» አለ። እንዴት አድርጌ?

«አንተ መልስ የማያሻው መስሎሃል፤ ያንተ ግን መልስ አለው» አለችው። «ሀርጌሳ በቀኝ ነው የሚነዳው፣ መኪኖቻችን ግን መሪያቸውም በቀኝ ነው። ጥግ ይዛ ስትቆም በሱቁ በኩል የሚሆነው የሾፌሩ በር ነው። ደምሴ የሞተው እዚያ ወንበር ላይ ነው። በቀለች በዚያ በር የምትወርደው ሬሳውን ረግጣ ነው? ተሳፋሪ በጥግ በኩል የሚወርደው መሪው በግራ የሆነበት አዲስ አበባ ነው። እጅህ እዚህ ሲያንቅ፣ ውሸትህን ባደግክበት መንገድ አሰብከው። ሻሹን ከቆለፍክበት ክፍል ወስደህ፣ ከኋላ ወንበር ሆነህ አነቅኸው። ሊያባርርህ ነበር፤ የከሰሰችህም እሷ ናት። በአንድ ሻሽ ሁለቱንም ልትገላገል።»

አለሙ ወደ በሩ ሲል ዲሪር ያዘው። «እስከ ዛሬ ዝም ያለ ሁሉ አሁን ይመሰክርብኛል ብለሽ ነው?» አለ ወደ ተማሪዎቹ እያየ።

ሂዳያ ስለ ማስቸገሩ ቃሉን የሚሰጥ ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። በቀለች እጇ ላይ ካቴናው የሠራውን ምልክት እያሸች ወደፊት መጣች።

«የእኔን መጀመሪያ ይጻፉት» አለች፤ «ከነአባቴ ስም። ከዚያ ለእነሱም ቦታ ይተዉላቸው።»

ጸደንያ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች።