አርባ ሰከንድ ዘግይቶ

ሽማግሌው መሐንዲስ የሞቱት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው እያያቸው ነው። ከእነዚያ ሁሉ አንዱም አልደረሰላቸውም፤ ሊደርስላቸውም አይችልም ነበር። ሁሉም በየቤቱ፣ በየከተማው ተቀምጦ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ነበር። ከግድግዳው ማዶ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ደግሞ ሁለት መቶ ሰው የሞላበት አዳራሽ ነበር፤ እዚያ ያለው ሰው ምንም አላየም። እያጨበጨበ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ በጠባቧ የቀረጻ ክፍል ወለል ላይ፣ ካሜራው ፊት ተጋድሟል። ባልደረቦቿ «ቆይ ቆይ» የሚሏት፣ ሃምሳን ያለፈች፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን የምትይዝ ሴት ናት። ሰው ፊቷ ሲቸኩል ቆይ ቆይ ማለት ልማዷ ነው። በሩ ላይ ቆማ አየር ሳበች። ግድግዳው ድምፅ እንዳያሳልፍ በስፖንጅ ተለብጧል፤ የማጣበቂያው ሽታ ገና አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሟች በሸሚዝ ብቻ ናቸው። ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሸሚዛቸውን እንደጨመደደ ቀርቷል። መነጽራቸው ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ወረቀት የሚባል ነገር ግን የለም።

«ኮታቸውስ?» አለች።

«ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል» አላት የድምፅ ባለሙያው፣ ዓይኑን ከወለሉ እያሸሸ።

አመድማ ኮት ነው። በውስጥ ኪሱ፣ ልክ ደረት ላይ በሚውልበት ቦታ፣ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት አለ። ሙሉ ነው። መርማሪዋ መድኃኒቱን በመዳፏ ይዛ ትንሽ ቆመች። 

አዘጋጇን አዳራሹ ውስጥ፣ ባዶ ወንበሮች መሃል አገኘቻት። ለመሐንዲሱ የአርባ ዓመት አገልግሎት ክብር የተዘጋጀውን ይህን ጉባኤ ሦስት ወር ለፍታበታለች። ዕቅዷ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ አሁን ጉልበቷ ላይ ጠቅልላ ይዛዋለች።

«ከፊሉ ታዳሚ በአካል፣ ከፊሉ በኢንተርኔት ነበር» አለች። «የኢንተርኔቱ ሰው የእንጀራ ልጅ እንዳይሆን ነበር ጭንቀቴ። ሁልጊዜ አዳራሹ ይደሰታል፣ እነሱ ጀርባ ሲያዩ ይውላሉ። ስለዚህ አዳራሹ የተማሪዎችን ሽልማት ሲያይ፣ እሳቸው ለብቻቸው አሥራ አምስት ደቂቃ ለኢንተርኔቶቹ እንዲያወሩ አደረግኩ። እንዲያውም ኢንተርኔቱ የገባው ለልጃቸው ተብሎ ነው። ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ሐኪም ከአልጋ እንዳትነሣ ከልክሏታል።»

«ታዳሚዎቹ ሲወድቁ ካዩ ለምን አልጮኹም?»

አዘጋጇ ከንፈሯን ነከሰች። «ማይካቸውን ዘግቼው ነበር። ሦስት መቶ ማይክ ቢከፈት ገበያ ነው የሚሆነው። የሚጽፉትን የሚያነብ አንድ ሰው መቆጣጠሪያ ክፍል አስቀመጥኩ።»

«ማንን?»

«ባለቤታቸውን። አርባ ዓመት ደብዳቤዬን ያነበበችልኝ እሷ ናት፣ ይህንንም እሷ ታንብብልኝ ብለው።»

«ስልክ ያለው ሰው አልነበረም?»

«የሁሉንም በር ላይ በቅርጫት ሰብስበናል። ከኔ፣ ከድምፅ ባለሙያውና ከምክትሉ በቀር።»

«የስፖንጁ ማጣበቂያ ገና አልደረቀም።»

«ዕቅዴ ላይ ባለፈው ሳምንት ነበር የሚለጠፈው። ምክትሉ ሠራተኛ የለም እያለ ዛሬ ጠዋት አደረሰው።»

ምክትሉ ከሟች እጅ ሥራ የተማረ፣ ሃያ ዓመት በምክትልነት የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ክራባቱ ግን ውልፍት አላለም።

«አባቴ ነበሩ» አለ። «ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ እየተከታተልኳቸው ነበር። ሲወድቁ ሳይ ሮጬ ገባሁ። መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። ምን ዋጋ አለው?»

«ኮታቸውን ማን አስወለቃቸው?»

«እኔ ነኝ! ምላሴን በቆረጠው! መስመር ያለው ልብስ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አውልቁት አልኳቸው። መድኃኒቱ እዚያ ውስጥ መሆኑን በምን ልወቅ?» ፊቱን በመሐረብ አበሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬን በሐዘናቸው ላይ መውቀስ አልፈልግም። ግን ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወንበር ባይነሡ ኖሮ... ሰዉ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው።»

እውነቱን ነው፤ ሰዉ ሁሉ ይህንኑ ነበር የሚለው። ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ከሕንፃው ወጥቷል።

ወይዘሮዋ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ እዚያው በተመደቡበት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ባለው መስታወት በኩል ባዶዋ የቀረጻ ክፍል ትታያለች። ሰው ሊያስነሣቸው ቢለምናቸው እምቢ ብለዋል።

«አሁንማ አልነሣም» አሉ። «መነሣት የሌለብኝን ሰዓት ተነሥቻለሁ።»

«ለምን ተነሡ፣ እትዬ?»

«ልጄ ጻፈችልኝ። ምጥ ጀመረኝ፣ በቢሮው ስልክ ደውዪልኝ አለችኝ። የራሴ ስልክ ቅርጫት ውስጥ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ ቢሮው ተቆልፏል። ቁልፍ ያለው ዘበኛ ፍለጋ ስንከራተት...» እጃቸውን አነሡና መልሰው ጣሉት። «ልጄ ግን አልጻፍኩም ትላለች። ያላየሁትን አላነበብኩም፣ የኔ እመቤት። አብጃለሁ እንዴ?»

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ከታዳሚዎቹ የመጣውን ጽሑፍ ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። «እርዷቸው» ይላል። «ታመዋል እኮ!» «ማነው እዚያ ያለው?» «ኧረ በፈጠራችሁ!» ስምንት መቶ መስመር ነው። ሰው እያዩት ሲሞት ለማስቆም የተጻፈ፣ ለማንም ያልደረሰ ስምንት መቶ መስመር። አሥራ ሰባቱ የልጅየዋ ናቸው፤ የመጨረሻው «አባዬ» ብቻ ይላል።

ከዚያ ሁሉ በላይ፣ ለወይዘሮዋ ብቻ የተላከው መልእክት ነበረ። አላበዱም።

«እማዬ፣ አባዬ መነጽሩን አወለቀ፣ ደክሞታል መሰለኝ። እኔ ምጥ ጀምሮኛል፤ በቢሮው ስልክ ቶሎ ደውዪልኝ።»

«ስሙን ማንም ሰው መጻፍ ይችላል» አለ የድምፅ ባለሙያው ከኋላዋ ሆኖ። «ከስልክ ገብቶ የፈለገውን ስም ሰጥቶ ይልካል። አንዱ ከሩቅ ሆኖ የቀለደ ባለጌ ነው የሚሆነው። የት ብለን እንፈልገዋለን?»

«ቆይ ቆይ» አለች መርማሪዋ። «እሳቸው ካሜራው ፊት የሚያደርጉትን፣ ታዳሚው ያኔውኑ ነው የሚያየው?»

«አይ፣ አርባ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። አንዱ ተናጋሪ ያልሆነ ነገር ቢያመልጠው ሳይተላለፍ እንድንቆርጠው። የኔና የአዘጋጇ ምስጢር ነው፤ ተናጋሪ ካወቀ ይፈራል።»

መርማሪዋ ቀረጻውንና ሰዓቱን ጎን ለጎን አድርጋ ሁለት ጊዜ አየች። ከዚያ ለልጅየዋ ደወለችና ረጅም ሰዓት አወራቻት። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጠርቶም የማይጠቅም እውነት እንዳለ ግን ተረቱ አይናገርም።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮዋ፣ አዘጋጇ፣ የድምፅ ባለሙያውና ምክትሉ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። ትልቁ ስክሪን ላይ ልጅየዋ ትራስ ተደግፋ ትታያለች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እኛ እሷን አሁኑኑ እናያለን፣ እንሰማለን» አለች መርማሪዋ። «እሷ ግን እኛን የምታየው እንደዚያ ቀን ታዳሚ፣ በስርጭቱ ነው። ልጄ፣ እጄን ሳነሣ ስታዪ እጅሽን አንሺ።»

እጇን አነሣች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት አልተንቀሳቀሰችም።  አንድ ሰው አሳለ። ምክትሉ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ ጫማውን አየ፣ መልሶ ሰዓቱን አየ። አርባ ሰከንድ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። ከዚያ ልጅየዋ እጇን አነሣች። ምክትሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ክራባቱን ነካ።

«በቀረጻው ላይ» አለች መርማሪዋ «መሐንዲሱ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ‘ጽሑፌ ኮቴ ውስጥ ቀርቷል፣ እስኪመጣልኝ ሰላምታ ልስጣችሁ’ ብለው መነጽራቸውን ያወልቃሉ። የሚያነቡት የላቸውማ። መነጽሩን አወለቀ የሚለው መልእክት ለእትዬ የደረሰው ከዚያ በኋላ በአሥራ አምስተኛው ሰከንድ ነው። ያን ሰዓት በኢንተርኔት የሚያያቸው ሰው ሁሉ ገና መነጽር እንዳደረጉ ነበር የሚያያቸው። ስለዚህ ጸሐፊው ሩቅ አይደለም። እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ሆኖ በገዛ ዓይኑ እያያቸው ነበር። ያችን መነጽር የጨመራት ውሸቱን ለማሳመር ነው።»

«ይህ እኮ...» አለ ምክትሉ።

«ቆይ ቆይ። ስልክ ያላችሁ ሦስት ናችሁ። አዘጋጇ መድረክ ላይ ሽልማት ትሰጥ ነበር። የድምፅ ባለሙያው በዚያች ደቂቃ እዚያው መድረክ ላይ የማይክ ባትሪ ይቀይር ነበር። ሁለት መቶ ምስክር አላቸው። እርስዎስ?»

«ነገርኩዎ! ስልኬ ላይ ነበር የማያቸው። ሲወድቁ አይቼ ሮጥኩ!»

«ቀረጻው ላይ፣ ከወደቁ በአሥራ ሁለተኛው ሰከንድ እርስዎ በሩን ከፍተው ይገባሉ። ስልክዎ መውደቃቸውን ሊያሳይዎ ገና ሃያ ስምንት ሰከንድ ይቀረው ነበር። ድምፅ ሰማሁም እንዳይሉ ግድግዳው ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጁን ደግሞ እርስዎ ነዎት ለዚያች ጠዋት ያቆዩት፤ ማጣበቂያው ለአስም በሽተኛ ምን እንደሆነ ሳይጠፋዎ። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለች። የቆሙት እዚያ ነው።»

ኮቱን ከከረጢት አውጥታ ወንበር ላይ ዘረጋችው።

«መስመር ስላለው አስወለቅኩ ያሉት ኮት ይኸው። መስመሩን ያሳዩኝ።»

ምክትሉ ኮቱን አላየም። አመድማ፣ ልሙጥ ኮት ነበር፤ አንድ መስመር አልነበረበትም።

«ለምን?» አለች አዘጋጇ፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

«በጽሑፉ ምክንያት ነው» አለች መርማሪዋ። «ከሦስት ቀን በፊት ለልጃቸው ነግረዋታል። ምክትሉ ያሰላውን፣ እሳቸው አምነው የፈረሙበትን ድልድይ እንደገና አይተውታል። ሸክሙን አይችልም። በየቅርንጫፉ ያለው መሐንዲስ ሁሉ በሚሰማበት ፊርማዬን አነሣለሁ፣ ድልድዩ ይዘጋ እላለሁ፣ ለምክትሌም ከሁለት ሳምንት በፊት ነግሬዋለሁ ብለዋት ነበር። ወረቀቱ ኮቱ ውስጥ ነበረ፤ አሁን የለም። ኮቱ ከመድኃኒቱ ጋር ወጣ፤ ኮቱን ሊያቀብል የሚችል አንድ ሰው ቀረ። እትዬ። እሳቸውን ደግሞ በልጃቸው ምጥ አስነሧቸው።»



«ይወጣሉ ብዬ ነው» አለ ምክትሉ በመጨረሻ። «ኮታቸውን ፍለጋ ይወጣሉ ብዬ ነበር። በሩ ጋ ቆሜ ስጠብቅ...»

«ስንት ጊዜ ጠበቁ?»

ምክትሉ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሰዓት አነሣ።

«አንድ ደቂቃ ከግማሽ» አለች መርማሪዋ። «ማሳል ከጀመሩበት እስከወደቁበት። ኮቱ አጠገብዎ ተሰቅሎ።»

ፖሊሶቹ ሁለት ክንዱን ይዘው ወሰዱት። ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ከመርማሪ የሚጠበቀው ይኸው ነው። መርማሪዋ ግን ወንበር ፈልጋ ጉልበቷን እያሻሸች ተቀመጠች። ድልድዩን ታዘጋለች። ሰውየው ላይ ታስፈርዳለች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ሰው ካዩት ነገር ግን ማንም አያድናቸውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏታል ይህችን ዓይነት ሥራ።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ የምክትሉን ቃል ገና አልሰማችም። ትኩር ብላ ታያለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ ይወጣሉ ብዬ ነው የሚለው ያኔ ደረሳት። አፏን በእጇ ያዘች።

«ለኔ ብሎ ነው» አለች። «አልጋ ላይ ሆኜ አባዬን ልየው ስላልኩ ነው እዚያ ክፍል የገባው። እማዬ፣ ለኔ ብሎ ነው።»

ወይዘሮዋ ተነሡ። ከትናንት ጀምሮ በራሳቸው ሲነሡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ወደ አዳራሹም ደግፈው ነው ያመጧቸው። ካሜራው ወዳለበት ሄደው፣ የልጃቸውን ፊት የሚዳስሱ ይመስል እጃቸውን ወደ ካሜራው መስታወት ዘረጉ።

«አንቺ አይደለሽም ልጄ» አሉ። «ጠሪው አንቺ መስለሽኝ ነው የተነሣሁት። ትቼው ሄድኩ። ይቅር በይኝ።»

ልጅየዋ አንገቷን ደፍታ ለብቻዋ ታለቅሳለች። የድምፅ ባለሙያው መዘግየቱን ሊያጠፋው ወደ መቆጣጠሪያው ሮጠ፤ ግን የተባለው ተብሏል፣ በመንገድ ላይ ነው። እናትየው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ጠበቀ።